የገበያ ጽዳት ከመጥረጊያ አይጀምርም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሐዋሳ ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ተሰባስበን ትልቁ ገበያ ላይ የአንድ ቀን የጽዳት ዘመቻ ልናደርግ አስበናል። ወደ 60 ልጆች ነን። ትንሽ ብርም አዋጥተናል። ቲሸርት እናሠራ ወይስ መጥረጊያ እንግዛ በሚለው ተከራክረን አልተስማማንም። ከዚህ በፊት ሌሎች ያደረጉትን ዘመቻ አይተናል፤ በሳምንቱ ገበያው ወደነበረበት ተመለሰ። እኛም እንደዚያ እንዳንሆን ከየት እንጀምር?»

መልስ፦ ከመኪናው ጀምሩ።

ቀልዴን አይደለም። መጥረጊያውም ቲሸርቱም ይቆዩ። መጀመሪያ የሰበሰባችሁት ቆሻሻ በምን ተጭኖ፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደሚሄድ እወቁ። ይህን ሳታውቁ ከወጣችሁ ቆሻሻ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስታዛውሩ ነው የምትውሉት።

በአካባቢ ጤና ሙያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ዘመቻ አይቻለሁ፤ አንዳንዱንም ራሴ አስተባብሬያለሁ። በሰው እጥረት የከሸፈ አላስታውስም። ሰው ይመጣል። ሞንታርቦ ካለ ደግሞ ጨፋሪም አብሮ ይመጣል። ነገር የሚበላሸው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማዳበሪያው ሁሉ ሞልቶ ጫኚ ሲጠፋ።

አንዴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የከተማውን ስም ልተወው። ከጠዋት ጀምረን ገበያውን ጠረግን። ላባችን ጠብ እስኪል ሠራን። ቃል የተገባልን መኪና ግን የለም። ስንደውል «መንገድ ላይ ነው» ይሉናል። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አሁንም መንገድ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ «ነዳጅ አጥቶ ነው» ተባልን። ማዳበሪያዎቹን ከገበያው ጥግ ደርድረን ወደየቤታችን ሄድን። ሌሊት ውሾች ቀደዷቸው። ጠዋት ፍየሎች ገቡባቸው። በማግስቱ ስመለስ አንዲት ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ጠሩኝና «ልጄ፣ ተበትኖ እያለ እኮ ይሻል ነበር። አሁን ሰብስባችሁ ደጄ ላይ አመጣችሁልኝ» አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ።

እና እስቲ አብረን እናስላ። 100 ኪሎ በቆሎ የሚይዘው ማዳበሪያ እስከ አፉ ሲሞላ የአንድ ሜትር ኪዩብ አንድ ስምንተኛ ያህል ይሆናል። 8 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ የቆሻሻ ገንዳ እንግዲህ ከ60 እስከ 65 ሙሉ ማዳበሪያ ከገባበት ጢም አለ ማለት ነው። እናንተ 60 ናችሁ። አንድ ሰው በሰዓት አንድ ማዳበሪያ ቢሞላ በሁለት ሰዓት 120 ማዳበሪያ አላችሁ። ሁለት ገንዳ ሞላ። የዲቹ፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃው ቦይ፣ ደለል ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ «አንድ መኪና ይላክልን» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ገና ከመጀመሪያው አጎደላችሁ።

ክብደቱንም አትርሱ። የገበያ ቆሻሻ እርጥብ ነው። እርጥብ ቅጠል የሞላ ማዳበሪያ 40 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ግማሹን ብቻ ሙሉ። ምልልሱ ይበዛል፤ ወገባችሁ ግን ይተርፋል። ማዳበሪያውን ደግሞ ከነቆሻሻው አትጣሉት። ገንዳው ላይ ገልብጣችሁ መልሱት። እንዲህ ከሆነ 80 ማዳበሪያ ለ60 ሰው ይበቃል። ያገለገለ ማዳበሪያ እዚያው እህል ተራ በርካሽ ታገኛላችሁ።

አሁን ደብዳቤ። «ለዚህ በጎ ሥራ እንድትተባበሩን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚል ደብዳቤ በአክብሮት ፋይል ይደረጋል። የምትፈልጉትን በቁጥር ጻፉ። ሁለት ገንዳ፣ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ፣ እዚህ ቦታ ላይ የሚቆም። አንዱ እንደሞላ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚነሳ። ለደለሉ አንድ ሲኖትራክ። ደብዳቤውን ለቀበሌው፣ ለክፍለ ከተማውና ለከተማው ጽዳት ክፍል አድርሱ። የገባበትን ቀንና ቁጥር ይዛችሁ ተመለሱ። ቆሻሻ ማንሳት የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው። ውለታ እንደሚጠይቅ ሰው አትሽቆጥቆጡ፤ ግን ደግሞ አትቆጡ። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን የሹፌሩን ስልክ ያዙ። የኃላፊውን አላልኩም፤ የሹፌሩን። ነዳጁን ማን እንደሚሞላም በግልጽ ጠይቁ። ይቺ ጥያቄ ይሉኝታ የማትወድ ናት። ብዙ ዘመቻ ገደል የገባው እሷን ለመጠየቅ በማፈር ነው።

መኪናው ከተያዘ በኋላ ወደ ገበያው ሂዱ። ልታጸዱ አይደለም፤ ልታዩ። የሐዋሳ ትልቁ የገበያ ቀን ሰኞና ሐሙስ ነው። ሰኞ አመሻሽ ላይ ገበያተኛው ሲበተን ዙሩ። ማክሰኞ ጠዋት ድገሙት። ምን እንደወደቀ፣ የት እንደወደቀ፣ በየተራው ጻፉ። ሽንኩርት ተራ፣ ቅቤ ተራ፣ ጫት ተራ፣ ሰልባጅ ተራ፣ ሁሉም የየራሱ ቆሻሻ አለው። ቆጮ የመጣበት ኮባ፣ የጎመን ቅጠል፣ የሸንኮራ ልጣጭ፣ የጫት ገራባ፣ ፌስታል፣ ሀይላንድ። ብዙው የሚበሰብስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ወደ ገንዳው መግባት የሌለበት ቆሻሻ ብዙ አለ ማለት ነውና።

አሁን ግን ብዙ አዘጋጆች የማያስቡትን ነገር ልንገራችሁ። ጉሊት የሚቸረችሩት እናቶች «ጽዳት» የሚለውን ቃል እንደናንተ አይሰሙትም። ለእነሱ «ገበያው ሊጸዳ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ «ልትነሱ ነው» ማለት ሆኖ ያውቃል። ደንብ አስከባሪ የመጣ ጊዜም የሚባለው ይኸው ነው፤ አካባቢው ይጽዳ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሳችሁ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ፣ ፎቶ እያነሳችሁ ድንገት ብትገቡ ሴቶቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሮጣሉ። ወይም ዝም ይሏችኋል። ዝምታው ይብሳል።

እንዲህ አድርጉ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ከመካከላችሁ ሲዳምኛ የሚችል ይኑር፤ ወላይትኛም ቢጨመር ጥሩ ነው። መጀመሪያ ጎመን ግዙ። እውነቴን ነው፣ ግዙ። ከዚያ «እማማ፣ ቆሻሻውን የት ነው የምትጥሉት? ማነው የሚያነሳው? ዝናብ ሲመጣ ውሃው የት ይተኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሁሉም አፍ ይከፈታል። ገበያ ውስጥ ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ የምትቸረችር ሴት የሐዋሳን ዲቾች ከመሐንዲስ በላይ ታውቃለች። ከዚያ በግልጽ ንገሯቸው። ማንንም አናስነሳም። ቦታችሁን አንነካም። ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት እንጠርጋለን፤ ከዚያ እንሄዳለን። ከመንግሥት የተላካችሁ ከመሰላቸው አልተላክንም በሉ። ይህን ስትሉ እውነት መሆን አለበት። ደንብ አስከባሪ በዚያ ቀን አብሯችሁ እንዳይቆም አስቀድማችሁ ለክፍለ ከተማው ንገሩ። ትራፊክ የሚመራ አንድ ፖሊስ ይበቃችኋል።

በየተራው የሚሰማ ሰው አለ። ሁልጊዜ የኮሚቴው ሰብሳቢ ላይሆን ይችላል። እኔ የምፈልገው የዕቁብ ሰብሳቢዋን ነው። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ሁሉም ጋ ትደርሳለች። ገንዘብ ይታመናል እሷ ላይ። እሷ «ቅዳሜ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ዕቃ አትዘርጉ» ካለች አይዘረጋም። እናንተ ብትሉ ግን «እሺ ልጆቼ» ተብላችሁ ዕቃው ይዘረጋል።

ስለ ቀኑ ብዙ አልልም። ሰኞና ሐሙስ አይሆንም። እሑድ ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል የተሻለ ነው። አድቬንቲስት ልጆች ካሏችሁ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያልቀውን የዋዜማ ሥራ ስጧቸው። የንግሥ በዓል እዩ። በተለይ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው በምእመን ስለሚሞላ ያን ሳምንት እርሱት። ፍቼ ጨምበላላ የሚውልበትንም ቀን ጠይቃችሁ እለፉት። ወሩን ምረጡ ካላችሁኝ ግን የካቲት እላለሁ። የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ።

የካቲት ያልኩት ስለ ዲቹ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በጽዳት ዘመቻ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። ልጆች በጉጉት ዲች ውስጥ ይገባሉ። ደለሉን እየዛቁ ጠርዙ ላይ ይከምራሉ። ፎቶ ይነሳል። ዲቹ ባዶ ሆኖ ይታያል። ደለሉ ግን እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ይህን ያላየ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለምን እዚያው ይተዋል? ከባድ ስለሆነ ነው። ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ዲች ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ደለል ቢኖር፣ አንድ ሜትር ርዝመቱ ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ እርጥብ ጭቃ ይወጣዋል። 20 ሜትር ብታጸዱ ከ4 ቶን በላይ ነው። በማዳበሪያ የሚሸከመው የለም። ስለዚህ ስለ ዲች ሁለት ምርጫ ብቻ አላችሁ። ወይ ሲኖትራክ አግኝታችሁ፣ አጭር ርቀት መርጣችሁ፣ የወጣውን በዚያው ቀን ትጭናላችሁ። ወይም ዲቹን ጨርሶ አትነኩትም፤ ላዩ ላይ ያለውን ፌስታልና ሀይላንድ ብቻ ትለቅማላችሁ። መሃል ላይ ያለው መንገድ ከሁሉም የከፋ ነው። እኔ ብሆን ውሃ የሚተኛበትን አንድ ቦታ ለይቼ፣ ከዚያ በታች ያለውን 15 ወይም 20 ሜትር ብቻ እስከ ታች እጠርጋለሁ። ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ መጨረሻ ካለው ጀምሩ፤ ከላይ ከጀመራችሁ የለቀቃችሁት ውሃ ታች ታፍኖ ይመለስባችኋል።

የሲሚንቶ ክዳኑን በእጅ ለማንሳት አትሞክሩ። ጣት ይበላል። ሁለት ጎልማሳ ሰው በዲጂኖ ያንሳው። የተሸፈነ ረጅም ቱቦ ውስጥ ማንም እንዳይገባ፤ ቀጭን ልጅ አለን ብላችሁም ቢሆን። ውስጡ መጥፎ አየር ሊታመቅ ይችላል።

ስለ ሐይቁም አንድ ነገር። የከተማው ጎርፍ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይወርዳል። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ማለትም ከገበያው ተጠርጎ ዲች ውስጥ የገባ ፌስታል ሐይቅ ከደረሰ ወዴትም አይሄድም። አሞራ ገደል ዓሣ ተራ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች የዓሣውን ሆድ ዕቃ ይጨርሱታል፤ ፌስታል ግን እነሱም አይጨርሱም። ጠራጊዎቻችሁን «ወደ ዲች አትጥረጉ» ብላችሁ አሥር ጊዜ ብትነግሯቸው አይበዛም። እጅ ለምዶታል። መጥረጊያ የያዘ ሰው ዲች ካየ ይገፋል።

ብዙው ቆሻሻ የሚበሰብስ ነው ብያለሁ፤ እሱን ከሌላው ለዩ። እዚህ ላይ ግን አትራቀቁ። አምስት ቀለም የተቀባ በርሜል አያስፈልግም። ሦስት ክምር ይበቃል። አንደኛው እርጥቡ ነው። ትኩስ የሆነውን የጎመን ቅጠልና ኮባ ከብት የሚያረቡ ሰዎች በጋሪ መጥተው ይወስዱታል፤ አስቀድማችሁ ካነጋገራችኋቸው። ፍየል ያላቸው ደግሞ ገራባውን ይሻሙበታል። ግን ፌስታል አንድም እንዳይቀላቀልበት። ላም ፌስታል ከዋጠች አይፈጭላትም፤ ሆዷ ውስጥ እየተጠራቀመ ይገድላታል። የሻገተውንና የበሰበሰውን ለከብት አትስጡ፤ ብስባሽ የሚያዘጋጅ የአትክልት ማኅበር ካገኛችሁ ለእነሱ ይሁን። ሁለተኛው ክምር ሀይላንድ፣ ካርቶንና ብረት ነው። ሦስተኛው ቀሪው፣ ወደ ገንዳው የሚሄደው።

ሁለተኛው ክምር የማነው? እዚህ ጋ ብዙ ዘመቻ ሰው ያስቀይማል። ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው ያንን ገበያ የሚጠርጉ እናቶች አሉ። በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራት አሉ። ሀይላንድ እየለቀሙ የሚኖሩ ልጆች አሉ፤ ቆራሌውም አለ። እነዚህ ሰዎች የእናንተን የአንድ ቀን ሥራ በየቀኑ ይሠሩታል። ማንም ፎቶ አያነሳቸውም። እናንተ መጥታችሁ አጨብጭባችሁ፣ ሀይላንዱን ሸጣችሁ ለቡድናችሁ ገቢ ብታደርጉ፣ ምን ይሰማቸዋል? ክምሩን ለእነሱ ተዉላቸው። ከተዋጣው ብር ላይ ደግሞ አምስት ስድስት የጽዳት ሠራተኞችን የቀን አበል ከፍላችሁ የየቡድኑ መሪ አድርጓቸው። መጥረጊያ አያያዝ እንኳ ከእነሱ ትማራላችሁ። ጎንበስ ብሎ በአጭር መጥረጊያ የሚጠርግ ጀማሪ በ20 ደቂቃ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል።

ስለ ጤና አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ስሱ የሐኪም ጓንት አይሆንም፤ በሁለት ደቂቃ ይቀደዳል። ወፍራም የጎማ ጓንት ግዙ። ጫማ የተሸፈነ ይሁን። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው የሻይና የውሃ ኃላፊ ይሁን እንጂ ወደ ሥራው አይግባ። ከመጥረጋችሁ በፊት መሬቱን ውሃ እርጩት፤ አቧራውን ሁላችሁም ከምትውጡት ይሻላል። መርፌና ስለታም ነገር ካገኛችሁ በእጅ አትንኩ። በመቆንጠጫ አንስታችሁ ጠንካራ ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ ክተቱና ለጤና ጣቢያ አስረክቡ። አንድ ሰው ብቻ ይህን ሥራ ይያዝ። የተወጋ ሰው ካለ ቦታውን በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ «ትንሽ ናት» የለም። ሚስማር የወጋውም እንደዚያው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላል። ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በዚህ ሥራ ላይ አይሳተፉ።

ቆሻሻ አታቃጥሉ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ክብሪት ያወጣል፤ «በቃ እንለኩሰው» ይላል። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ የሚተነፍሱትም ከጎን የተቀመጡት ሻጮች ናቸው።

መሬቱ ላይ ዓይነ ምድር ያለበት ቦታ ካለ መጀመሪያ አንሱት፣ እጠቡት፣ ከዚያ በረኪና። በረኪናው ላይ 5 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀጥኑት። ቆሻሻ ላይ በቀጥታ ማፍሰስ በረኪና ማባከን ነው፤ ቆሻሻው ኃይሉን ይጨርስበታል። ሽንት ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ በውሃ ሳታጥቡ በረኪና አታፍስሱ፤ የሚያፍን ጭስ ይወጣል። በረኪናን ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር መቀላቀልም ክልክል ነው። አተት በገባበት ሰሞን ከሆነ ዘመቻውን ከመጀመራችሁ በፊት ጤና ጣቢያውን አማክሩ።

የዕለቱ ሥራ ራሱ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ከተሠራ፣ ቀላል ነው። አሥር አሥር ሆናችሁ ተከፋፈሉ። በአንዱ ቡድን ሦስት ጠራጊ፣ ሦስት ማዳበሪያ የሚሞላ፣ ሦስት ተሸካሚ፣ አንድ የሚለይ። ተሸካሚዎቹ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየሩ። ገንዳው ከምትሠሩበት ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ከራቀ ጋሪ ተከራዩ። ገንዳው የሚቆምበትን ቦታ ከማታው በገመድ ከልሉ፤ አለበለዚያ ጠዋት ስትመጡ ባጃጅ ቆሞበት ታገኛላችሁ። ባለ ቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ቁርሱን ከውጭ አታምጡ። ሻዩንና ፓስቲውን እዚያው ከሚሸጡት ሴቶች ግዙ። በጠዋቱ ሥራ ያስፈታችኋቸው እነሱን አይደል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄያችሁ። «በሳምንቱ ወደነበረበት ተመለሰ» ብላችኋል። እንዴት አይመለስ? ገበያ የሚቆሽሸው ሻጩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ጎመን ስለሚሸጥ ነው። ሰኞ ይሸጣል፣ ሰኞ ይቆሽሻል። ቅዳሜ ስላጸዳችሁ ሰኞ ጎመን ቅጠሉን ቤቱ ጥሎ አይመጣም። የሚለወጠው ቅጠሉ የሚወድቅበት ቦታና የሚነሳበት ሰዓት ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ገበያውን በሙሉ እናጽዳ ስትሉ የምቃወማችሁ። 60 ሰው ሁለት ተራና አንድ አጭር ዲች ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። እነዚያን ሁለት ተራዎች ለአራት ሳምንት ተከታተሉ። የተቆረጠ በርሜል ሁለት ሁለት አስቀምጡላቸው፤ ሥሩን ብሱት፣ ውሃ እንዳይቋጥር። ግን በርሜል ከማስቀመጣችሁ በፊት ማን እንደሚደፋው ተነጋገሩ። የሚደፋው የሌለ በርሜል በሳምንቱ የዝንብ ማራቢያ ይሆናል፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ይሰረቃል። ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ ሰኞና ሐሙስ ማታ ላይ እንዲመጣ ተደራደሩ። ሻጮቹ ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡ ከሆነ ከዕቁቡ ጋር አብሮ ይሰብሰብ። ሰብሳቢዋ ከላይ የነገርኳችሁ ሴት ናት። ከገበያ ቀን ማታ እስከ ማግስቱ ጠዋት ባለው ጊዜ ካልተነሳ ቅጠሉ መሽተት ይጀምራል፣ ፌስታሉም በነፋስ ይበተናል። የገንዳው መነሻ ሰዓት እሮብ ጠዋት ከሆነ፣ ሰኞ ማታ እንዲሆን ለመጠየቅ ያላችሁ ማስረጃ ፎቶ ነው። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በየሰኞው አንሱ። አራት ፎቶ ያለው ሁለተኛ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ደብዳቤ በጣም የተሻለ መልስ ያገኛል።

ፌስታል ላይ ስብከት አትጀምሩ። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ የተከለከለው በ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ነበር። በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ለአንድ ጊዜ የሚያገለግለውን ፌስታል ጭራሽ ከልክሏል። ሻጯ ይህን ሰምታለች። ገዢው ግን እጁን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ሁለት ኪሎ ቲማቲም በምን ትስጠው? መናገር ከፈለጋችሁ ለገዢው ተናገሩ። እናንተም ቤታችሁ ያለውን ዘንቢል ከአቧራው አራግፋችሁ ይዛችሁ ውጡ። እናቶቻችን ያለ ዘንቢል ገበያ አይሄዱም ነበር።

ቲሸርቱ ይቅር። ጓንት ግዙበት፤ የሚተርፈውን ለጽዳት ሠራተኞቹ አበል። ለመለያ ያህል ክንድ ላይ የሚታሰር ቁራጭ ጨርቅ ከሰልባጅ ተራ አታጡም። መጥረጊያውን ግማሹን ከየቤታችሁ አምጡ፣ ስም ጻፉበት፤ አለዚያ እናቶቻችሁ ቀጣዩን ዘመቻ አይፈቅዱም።

ዓርብ ማታ ደግሞ ለሹፌሩ ደውሉለት። ቁርስ ከእኛ ጋር ነህ በሉት፤ ነዳጅ መሙላቱንም አብራችሁ ጠይቁት።